ከሁሉም የምትዘገየው

ተቆጣጣሪዋ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ፣ እጇን እስከ ትከሻዋ ድረስ ከአልጋው ስር ሰዳ የወደቀ የጸጉር መያዣ ስትጎትት፣ ከኋላዋ የተረከዝ ጫማ ኮቴ ሰማች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንዲህ ቋ ቋ እያለች የምትራመድ አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ።

"እትዬ፣ ምን ጠፍቶሽ ነው?"

"የእኔ አይደለም፣ የእንግዳ ነው።" መያዣውን በትንሽ ላስቲክ ከታ የክፍሉን ቁጥር ጻፈችበት።

"ይሄ ግን ያንቺ ነው፤ ተመለሰ" አለች ጸሐፊዋ ወረቀት እየዘረጋችላት።

ትናንት ያስገባችው ቅጽ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ጽሑፏ ላይ በቀይ ብዕር ትልቅ ክብ ስሎ፣ ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አቁሞበታል።

"ምን አለ?"

"መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ጠራኝና 'ይህቺ ሴትዮ እያሾፈችብኝ ነው ወይስ አልገባትም?' አለኝ።"

"አንቺስ ምን አልሽው?"

"አልገባትም አልኩት። ከሁለቱ የሚሻልሽ እሱ ነው ብዬ።" ጸሐፊዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እስከ አስር ሰዓት ይፈልገዋል። የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው የሚፈልገው፣ እትዬ። ሌላ ነገር አትጨምሪበት።"

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ከመጪው ወር ጀምሮ የፎቁ አንድ ክንፍ ለእድሳት ይዘጋል፤ ስለዚህ ከሦስቱ የክፍል አጽጂዎች፣ ከረጅሟ፣ ከአዲሷ ልጅና ከመንታዎቹ እናት፣ አንዷ ትሰናበታለች። የሆቴሉ ባለቤቶች የሚኖሩት ሌላ አገር ስለሆነ ሪፖርት የሚያነቡት በእንግሊዝኛ ነው። ሥራ አስኪያጁም ቅጹን ሲሰጣት፣ ከሦስቱ ከሁሉም የምትዘገየዋ ማን እንደሆነች በእንግሊዝኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንድትጽፍ አዘዛት።

ተቆጣጣሪዋ ሪፖርት በእንግሊዝኛ መጻፍ ከተጀመረ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎረቤቷ ዘንድ ትማራለች። ጎረቤቷ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ ያስተማሯት ሁለት ነገር ማነጻጸርን ነው፤ ይሄ ከዚያ ይፈጥናል፣ ያ ከዚህ ይበልጣል የሚለውን። "ከሁሉም" የሚለው ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተቀጥሯል። ስለዚህ ባላት ዕውቀት ጻፈች። ረጅሟ ከአዲሷ ልጅ ትፈጥናለች። አዲሷ ልጅ ከመንታዎቹ እናት ትበረታለች። የመንታዎቹ እናት ከረጅሟ ትጠነቀቃለች። ሦስቱም እውነት ነው፤ ሰዋስዉም እንከን የለውም። ብቻ ዞሮ ዞሮ መጨረሻ የለውም። ሦስት ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚዞሩ ነው የመሰለው።

እውነቱን ለመናገር፣ ቃሉን ባታውቀው እንኳ ጠይቃ ማወቅ ትችል ነበር። አልጠየቀችም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ሠራተኞች ምግብ ቤት ወረደች። ከበሩ ገና ስትደርስ የረጅሟ ሳቅ ይሰማ ነበር፤ ስትገባ ቆመ። አዲሷ ልጅ ማንኪያዋን አስቀምጣ ተነስታ "እንብላ" አለቻት፣ እንደ ደንቡ። የመንታዎቹ እናት ቀና ብላም አላየቻት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ቢባልም ከኋላዋ ምን ብለው እንደሚጠሯት ታውቃለች፤ "ሰዓቷ" ይሏታል፣ በር ላይ ቆማ ደቂቃ ስለምትቆጥርባቸው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ አበው። እሷ ግን ከተሾመች ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ ምሳዋን የምትበላው አንሶላ መጋዘን ውስጥ፣ ከታጠፈ ፎጣ ጋር ተፋጥጣ ነው።

"ብሉ፣ ብሉ። ውሃ ልወስድ ነው" አለችና ውሃውንም ሳትወስድ ወጣች። ከዚያ ቀጥታ ወደ ቤቷ አመራች። ቅርብ ነው፤ በእግር አስር ደቂቃ።

መምህሩ በራቸውን ከፍተው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩዋት ደንገጥ ብለው ተነሱ።

"ዛሬ ቅዳሜ ነው እንዴ?"

"ማክሰኞ ነው፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ምን አመጣሽ? አሞሻል?"

"የቅዳሜውን ትምህርት ዛሬ ፈልጌ ነው። ይቻላል?"

የሽማግሌው ፊት በራ። ለትምህርቱ ብቻ አይደለም፤ ማክሰኞ ቀን በራቸውን ያንኳኳ ሰው ካዩ ቆይተዋል። ወንበር ጠረጉ፣ ሻይ አፈሉ፣ ሦስት ብርጭቆ አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። አንዱን እስከ ግማሽ፣ ሁለተኛውን ትንሽ ከፍ አድርገው፣ ሦስተኛውን እስከ አፉ ሞሉት።

"ባለፈው ሁለት ብርጭቆ ነበረን" አሉ ሦስተኛውን በእጃቸው ከልለው። "ይሄ ከዚያ ይበልጣል፣ አበቃ። ዛሬ ሦስተኛው መጣ። ሦስት ሲሆኑ እንግሊዞች ቃሉን እንዳለ አይተዉትም። ከፊቱ 'ዘ' ያቆሙበታል፣ ከኋላው 'ኤስት' ይቀጥሉበታል። ፊትና ኋላው ተይዞ የሚያመልጥ የለም።"

"'ቀርፋፋ' በሉልኝ እስቲ።"

"ስሎው። ሁለት ሲሆኑ ስሎወር። ከሁሉም ሲሆን፣ ዘ ስሎወስት።"

"ዘ ስሎወስት" አለች። አፏ ላይ ከበዳት። "ጋሼ፣ ሁለተኛው ላይ መቆየት አይቻልም? ከዚያ ይበልጣል፣ ከዚህ ያንሳል እያሉ?"

"ለምን አይቻልም? አብዛኛው ሰው ዕድሜውን የሚጨርሰው እዚያ ነው። ከጎረቤቴ እሻላለሁ፣ ከወንድሜ አንሳለሁ ሲል።" ሳቁና መልሰው ኮስተር አሉ። "ለማን ነው ቃሉ?"

ነገረቻቸው። ቅጹን፣ እድሳቱን፣ ሦስቱን ሴቶች። መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ሲወለውሉ ቆዩ።

"ሠላሳ አራት ዓመት ደረጃ ሰጥቻለሁ" አሉ። "ካርድ ላይ እጽፋለሁ፤ ከስልሳ ሦስት፣ ስልሳ ሦስተኛ። አንደኛ ማን እንደወጣ ብትጠይቂኝ አንዱንም አላስታውስም። ስልሳ ሦስተኛ የወጣ አንድ ልጅ ግን ነበር፣ ካርዱን ተቀብሎ አየና፣ 'አመሰግናለሁ መምህር' አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ከነድምፁ።"

"ታዲያ ምን ማድረግ ነበረብዎት?"

"እሱን ባውቅ ኖሮ ከነድምፁ አላስታውሰውም ነበር፣ ልጄ። ሻይሽ ቀዘቀዘ፤ ሌላ ላፍላልሽ?"

"ሰዓት የለኝም፣ ጋሼ። ቅዳሜ እመጣለሁ።"

ከግቢው ስትወጣ ዞር ብላ አየቻቸው። ሦስቱን ብርጭቆ ከፊታቸው አድርገው የመጀመሪያውን እየጠጡ ነበር። አሳዘኗት፤ ከዚያ እሷም ማታ ቤቷ ገብታ የምትጠጣው እንዲሁ መሆኑ ትዝ አላትና ለራሷም አዘነች። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ቤቷ ውስጥ የሚናገረው ሬዲዮው ብቻ ነው።

ሆቴል ተመልሳ መጋዘኑ ውስጥ ተቀመጠችና መዝገቧን ከፈተች። ለአንድ ክፍል ረጅሟ በአማካይ ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ፣ አዲሷ ልጅ ሠላሳ ሦስት፣ የመንታዎቹ እናት አርባ አንድ ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። ከሁሉም የምትዘገየው የመንታዎቹ እናት ናት። ይህን ለማወቅ መዝገብም አያስፈልግም ነበር። ቃሉም አሁን በእጇ አለ። ስሟን ከፊት፣ ቃሉን ከኋላ አድርጎ መጻፍ ነው፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ።

ብዕሩን አንስታ አስቀመጠችው። የፈራችው ስህተት መጻፍን አልነበረም። እውነቱን ስትጽፍ ደስ እንዳይላት ነው የፈራችው።

ከሦስት ዓመት በፊት ፎቁ ላይ ተቆጣጣሪ የሚባል አልነበረም። አራት ሴቶች ነበሩ፣ ሁለት ጥንድ፤ አዲሷ ልጅ በኋላ በአንዷ ምትክ የገባች ናት። እሷና የመንታዎቹ እናት አስራ አንድ ዓመት አንድ ጋሪ ገፍተዋል። አንሶላውን አንዷ ከወዲህ አንዷ ከወዲያ ይዘው ሲያራግፉ የቤታቸውን ነገር ሁሉ ያወሩ ነበር። መንታዎቹ ሲወለዱ የአራስ ቤቱን ልብስ ሁሉ ያጠበችው እሷ ናት። ከዚያ የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ቢሮው አስጠራትና በእጥፍ ደመወዝ ተቆጣጣሪ አደረጋት። እናቷ ከተቀበሩ ገና ሦስተኛ ወራቸው ነበር። እሱ ያመሰገናት መስሎት እንዲህ አላት። "ጓደኛሽንም ጠይቄያት ነበር። 'እሷን አድርጓት፤ እሷ ማንም የላትም፤ እስከ ማታ ብትውልም የሚጠብቃት የለም' አለችኝ።"

እሷ ማንም የላትም። ነገሩ እውነት ነው፤ ያቆሰላትም እውነት መሆኑ ነው። በሌላ ሰው አፍ ቢሆን ምንም አልነበረም። ሆድ ይፍጀው ብላ ለጓደኛዋ አንድም ቃል ሳትተነፍስ ሰላምታዋን ቀነሰች፤ ቀጥላ ምሳዋን ለየች፤ ቀጥላ ደቂቃዋን መቁጠር ጀመረች። የመንታዎቹ እናትም ሹመት ያስታበያት መስሏት አኮረፈች። ሁለቱም እልኸኛ ናቸው፤ ኩርፊያቸው ሦስት ዓመት ሞላው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቅጹን አጥፋ ኪሷ ከተተችና ወደ ሦስት መቶ አምስት ሄደች። ልትፈትሽ እንደሆነ ለራሷ ነገረች። ስም የሚጻፍ ከሆነ ዛሬም አይቶ መጻፍ ነው።

የመንታዎቹ እናት ሰፊውን አልጋ እያነጠፈች ነበር። አንሶላውን በዚህ በኩል ስታስገባ በወዲያ በኩል ይወጣባታል፤ ዞራ ሄዳ ያንን ስትይዝ ይሄ ይፈታል። አራት ጊዜ ዞረች። ግራ እጇ ከደረቷ በላይ አይነሳም፤ ትራሱን ወደ ልብሱ የምትከተው በአገጯ ደግፋ ነበር። በር ላይ የቆመችውን ስታይ ፈጠን ለማለት ሞከረች።

ተቆጣጣሪዋ ሰዓቷን አላየችም። ገባችና የአንሶላውን ወዲያኛውን ጫፍ ያዘች።

የመንታዎቹ እናት እጇ ቆመ። "ምን ሆንሽ?"

"ሳቢው።"

ሳበችው። አንዴ አራገፉት፤ አንሶላው በመሃላቸው ተነፍቶ ወረደ። ማዕዘኖቹን አጠፉ፣ ብርድ ልብሱን አለበሱ፣ ማንም ማንንም ሳያዝ ትራሶቹ ቦታቸው ገቡ። ከዚያ አንዷ መታጠቢያ ቤቱን፣ ሌላዋ ወለሉን ያዙ። ተቆጣጣሪዋ ሦስት ዓመት ያልሠራ ወገቧ እየጮኸባት ነው፤ ግን ክፍሉ ሲያልቅ የጨረሱት በአስራ ሰባት ደቂቃ ነበር። ለመቁጠር ብላ አይደለም፤ አመል ሆኖባት ነው።

"እጅሽ ከመቼ ወዲህ ነው?" አለች በሩ ላይ።

"ከክረምቱ። ገንዳው ውስጥ አዳልጦኝ ነው።"

"ለምን አልተናገርሽም?"

"ለማን?" አለች የመንታዎቹ እናት። "መዝገብ ይዞ ለሚዞር ሰው እጄ አይሠራም ይባላል?" ጨርቋን ጋሪው ላይ ጣለች። "የወረቀቱን ነገር ጸሐፊዋ ነግራናለች። ጻፊው። ቀርፋፋ ነኝ፣ እኔም አውቀዋለሁ። ብቻ ሌላ ሰው ከሚነግረኝ አንቺ ንገሪኝ።"

"መጀመሪያ እኔ የምጠይቅሽ አለ። 'እሷ ማንም የላትም' ብለሻል ወይ?"

የመንታዎቹ እናት መጀመሪያ አልገባትም ነበር። ሲገባት ቀስ ብላ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ለሠራተኛ ክልክል ነው፣ ግን ተቀመጠች።

"ሦስት ዓመት ሙሉ ይሄ ነው?"

"ብለሻል ወይ?"

"ብያለሁ። ለቅሶ ላይ ነበርሽ፤ ቤትሽ ስትገቢ ግድግዳ እያየሽ እንደምታድሪ አውቃለሁ። ሰው መሃል ትዋል፣ ደመወዙም ይደግፋት ብዬ ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ለሰውየው እንዲያ ብዬ መናገር አልነበረብኝም።" ቀና ብላ አየቻት። "ደግሞ ውሸት ነበር። ማንም የላትም ስል እኔ የት ሄጄ ነው?"

የተቆጣጣሪዋ ዓይን ሞላ፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሦስት ዓመት ያባከነችው በከንቱ እንደሆነ ገባት፤ ከሁሉም ያንገበገባት ይሄ ነበር።

"አንቺ ስትሾሚ ሦስት ቀረን" አለች የመንታዎቹ እናት። "ሦስት ሰው አይጣመርም። ለየብቻ ጋሪ ሰጡን፣ ከዚያ ደቂቃ መቁጠር መጣ። ረጅሟ ወጣት ናት፣ ልጅቷም ትበረታለች። ብቻዬን አልጋ ማንጠፍ ያቃተኝ እኔ ነኝ።"

ተቆጣጣሪዋ ቅጹን ከኪሷ አውጥታ ጋሪው ላይ፣ በሳሙናዎቹ መሃል ዘረጋችው። ከቀዩ ክብ በታች ያለውን ባዶ መስመር ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በዝግታ፣ ፊደል በፊደል ጻፈች። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነበር። ከሥሩ ደግሞ፣ ለሥራ አስኪያጁ ስለሆነ፣ በአማርኛ ሁለት መስመር ጨመረች።

"ምን ይላል?" አለች የመንታዎቹ እናት።

"ሁለት ሰው ከአንድ ሰው ይፈጥናል።"

"ይሄን ለማወቅ ነው ቅዳሜ ቅዳሜ የተማርሽው?"

"ይሄን ለመጻፍ ነው።"

"እሱ የጠየቀሽ ግን የሰው ስም ነው። የታችኛውስ ምን ይላል?"

"የተቆጣጣሪው ቦታ ይታጠፍ ይላል። እኔ ወደ ጋሪ ልመለስ፣ ረጅሟና ልጅቷ አንድ ጥንድ፣ እኔና አንቺ አንድ ጥንድ። የእኔ ደመወዝ የሁለት ሰው ነው፤ ግማሹ ሲቀር የአንድ ሰው ደመወዝ ይተርፋቸዋል። ለእነሱ ያው ነው፣ ማንም አይሰናበትም። እንደ ድሮው አንዱ ጥንድ የሌላውን ክፍል ይፈትሻል።"

የመንታዎቹ እናት ትኩር ብላ አየቻት። "ደመወዝሽ በግማሽ ሊወርድ?"

"ይወርዳል።"

"እንቢ ቢልሽስ?"

"እንቢ ሊል ይችላል። ስምሽን ግን ከእኔ አያገኝም። እሱ ራሱ ወጥቶ ይቁጠር።"

"አብደሻል።" ግን ተነሳች፤ የተቀመጠችበትን የአልጋ ጫፍ በመዳፏ ዳበሰችና አስተካከለችው። "ከመጻፍሽ በፊት እኔን መጠየቅ አልነበረብሽም? ካንቺ ጋር ልጣመር አልጣመር መቼ አወቅሽ?"

"ይኸው ጠየቅኩሽ።"

"ቀኙን ጎን እኔ ነኝ የምይዘው። በግራ እጄ አልችልም።"

አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ቀኙ የተቆጣጣሪዋ ነበር። "ያንቺ ይሁን" አለቻት።

አስር ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ደጃፍ ደረሰች። ጸሐፊዋ ቅጹን ተቀብላ እዚያው ቆማ አነበበችው፤ የእንግሊዝኛውን በከንፈሯ፣ የአማርኛውን በዓይኗ።

"እትዬ፣ አንድ ስም ብቻ ብዬሽ አልነበር?"

"ብለሽኛል።"

"ይናደዳል።"

"እሱ ያውቃል።"

"ወይ ደግሞ እሺ ይላል። የእሱን ነገር ማን ያውቃል?" ጸሐፊዋ ግድግዳው ሥር ያለውን ወንበር ጠቆመቻት። "ተቀመጪ፣ አሁኑኑ ይጠራሽ ይሆናል። አለበለዚያ ሐሳብሽን ለመቀየር አምስት ደቂቃ አለሽ።"

ተቆጣጣሪዋ ወንበሩን አየችው። ብዙ ቀን ተቀምጣበታለች፣ መዝገቧን ታቅፋ፣ ብቻዋን።

"ከፈለገኝ ሦስት መቶ ስድስት ነኝ" አለች።

"በዚህ ሰዓት ምን ልትፈትሺ?"

"ፍተሻ አይደለም። ላነጥፍ ነው።"